ፓምፑ ጠፍቶም ውሃው አልቆም ሲል

ሦስት ቀን ያንገላታኝን ነገር ዛሬ ፈታሁት። የጨው ውሃ አኳሪየሜ (የዓሣ መስታወት ገንዳዬ) ላይ የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ አለ። ከጎኑ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ባልዲ ትንሽ ፓምፕ ንጹህ ውሃ ይልካል፤ ውሃው ሞልቶ ተንሳፋፊው ማብሪያ ከፍ ሲል ፓምፑ ይጠፋል። ድምፁም ጸጥ ይላል። ውሃው ግን መውረዱን ይቀጥላል!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተንሳፋፊውን ነው። ስፈታው ነጭ የጨው ቅርፊት ይዞታል። አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ በደንብ አለቅልቄ መለስኩት። አሁን ያለችግር ከፍ ዝቅ ይላል። ማታ ሳየው ግን ያው ነው።

በመጨረሻ የቱቦውን ጫፍ ከውሃው አውጥቼ ከባልዲው ውሃ ወለል በላይ ከፍ አደረግሁት። ጉርርር አለና ወዲያው ቆመ። ለካ ጫፉ ከባልዲው ውሃ ወለል በታች ነበር፤ ባልዲው ከፍ ያለ ስለሆነ ቱቦው አንዴ ከሞላ በኋላ ፓምፕ አያስፈልገውም፣ ውሃው በራሱ ክብደት እየተሳበ ይወርዳል።

ጫፉን የባልዲው ውሃ ከሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ 5 ሴንቲሜትር በላይ አድርጌ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። አየር እንዲገባ ቱቦው ላይ፣ ከባልዲው ውሃ ወለል በላይ፣ ትንሽ ቀዳዳም በሳሁ፣ የሚረጨው ወደ ውስጥ እንዲወድቅ ከአኳሪየሙ ጠርዝ ወደ ውስጥ ባለው በኩል።

እባካችሁ ይህን ቸል አትበሉት፤ ንጹህ ውሃ ሲበዛ ጨዉ ይሳሳል፣ ኮራሉም ዓሣውም ይጎዳል። ባልዲው ውስጥም አኳሪየሙ ሳይፈስ መያዝ ከሚችለው በላይ ውሃ አታስቀምጡ።