ሕልም ሲነገርዎ፦ ከ«ኸይር ነው» በኋላ

በወሎ በጠዋት ቡና ላይ «ሕልም አየሁ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ኸይር ነው» የሚለውን ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ይህ ገና ፍቺ አይደለም። ጣጣው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፦ ሕልም እንደ ፈቺው ስለሚባል፣ እንደ ቀልድ የወጣች ቃል ባለሕልሙን ስታባንነው ትከርማለች።

ስለዚህ አስቀድመው ይጠይቁ፦ «ልፍታልህ ወይስ ሰምቼ ልተወው?» ቀጥሎም ሲነቃ ምን እንደተሰማው፣ ሰሞኑን ምን እንዳስጨነቀው። ጎረቤት በተሰበሰበበት አይፍቱ። በአቦል የተነገረ ሕልም በረካው ሳይቀዳ ሰፈሩን ይዞራል። ያዕቆብ ልጁን ዮሴፍን «ሕልምህን ለወንድሞችህ አትንገር» ማለቱ በቁርኣን 12ኛው ሱራ አለ፤ ነግሯቸው የደረሰበት ጥላቻ ደግሞ በዘፍጥረት 37። ሁለቱም ቤት የሚያውቀው ታሪክ ስለሆነ ባለሕልሙን በሰው ፊት ዝም ለማሰኘት ይጠቅማል።

ትልቁ ጥፋት ስም መጥራት ነው። «ጎረቤቴ ስታሳድደኝ አደረች» ለሚል ሰው «ቡዳ ናት»፣ «መተት አሠርታብሃለች» ብሎ መመለስ በሕልም ሰው መክሰስ ነው። በሕልም የመጣ መልክ ምስክር አይሆንም። ይልቅ በቀን የተጣሉበት ነገር እንዳለ ይጠይቁ፤ ካለ ጉዳዩ የአበጋር (የወሎ አስታራቂ) ወይም የሽማግሌ ነው፣ ሕልሙም እዚያ አይነሳም። ጥርስ ወልቆ ማየት የዘመድ ሞት ነው የሚባለውንም፣ ቤቱ በሽተኛ ላስተኛ ሰው አይናገሩ፤ «በቃ አለቀለት» ብሎ መድኃኒቱን የሚያስቆም አይጠፋም። (መጀመሪያ ጥርሱን ያመው እንደሆነ መጠየቅም አይከፋም።)

የማይወደውን ሕልም ያየ ሙስሊም ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ብሎ፣ ከሸይጣን በአላህ ተጠብቆ፣ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል፤ ለሰውም አይነግርም። «ምን አየህ?» እያሉ አያስጨንቁት።

ጭራሽ የማይፈታም አለ። ጫት ያቋረጠ ሰው ሰሞኑን የሚያስጮኸው ዱካክ (ጫት ሲቀር የሚመጣ ቅዠት) ነው፤ መልእክት አይፈለግበትም። የ2014ቱን ጦርነት ያየ ሰው ያንኑ ሕልም ደጋግሞ እያየ ከወር በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል እንዲሄድ ያግዙት። ሰው ፊት ዝርዝሩን ማስተረክ ቁስሉን መቆስቆስ ነው።

ያላዩትን ሕልም አየሁ ማለት በሐዲስ ሁለት የገብስ ፍሬ እርስ በርሱ ቋጥር ተብሎ፣ የማይቻለውን ታዝዞ፣ የሚያስቀጣ ነው። ከመፍታትዎ በፊት ገንዘብ መቀበልም ፍቺውን ለከፋዩ ደስታ ያዘነብለዋል።

የሰሙትን ሕልም ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ከማውጣትዎ በፊት ባለሕልሟን ያስፈቅዱ። ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ «ሐይቅ ከተማ ያለች፣ ባሏ ዓረብ አገር የሄደ» ከተባለ ቀበሌው ያውቃታል። ቦታውን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ሥራዋን ይለውጡ፤ ድምፅዋን አይልቀቁ። በማግስቱ ደግመው ይጠይቋት፤ ካመነታች እንቢ እንዳለች ቆጥረው የቀዳችሁትን ያጥፉት።