ዘራቸው የተመዘገበ የወተት ጊደሮችንና ጥጃዎችን በጨረታ እንዴት መሸጥ ይቻላል

በአገራችን የወተት ጊደር አብዛኛውን ጊዜ የምትሸጠው በደላላ በኩል ነው። ደላላው ግቢ ገብቶ ጊደሯን ከፊትና ከኋላ ካየ በኋላ እናቷ ስንት ሊትር እንደምትታለብ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ 20 ሲለው ለገዢው 25 ብሎ ያስተላልፋል። በዚህ አካሄድ ለዓመታት መዝገብ ይዞ ጥሩ ዘር ያወጣ አርቢና አንዲት መስመር ጽፎ የማያውቅ አርቢ ተመሳሳይ ዋጋ ያገኛሉ፤ ይህ ለመጀመሪያው ግልጽ በደል ነው። ጨረታ ይህን ሊያስተካክል የሚችለው ግን ተጫራቹ ከጊደሯ ጋር ሊያምነው የሚችል ሰነድ ሲቀርብለት ብቻ ነው። የሚከተለው ማብራሪያ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ጊደሮችንና ጥጃዎችን በራሱ ወይም በማኅበሩ ግቢ በግልጽ ጨረታ ለመሸጥ ለሚያስብ አርቢ የተዘጋጀ ነው።

መዝገቡን ማጥራት

ዝግጅቱን ከጨረታው ቀን ቢያንስ 3 ወር አስቀድመው ይጀምሩ፤ ከሥራው ሁሉ በፊት ደብተርዎን ያውጡ። በኢትዮጵያ በወተት እርባታዎች የሚገኘው ከብት አብዛኛው ድቅል ነው፤ ማለትም እንደ ቦረና ያሉ የአገር ውስጥ ላሞች ከሆልስታይን ፍሪዥያን ወይም ከጀርሲ ጋር ተዳቅለው የተገኘ ነው። ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች በ1947 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ዕርዳታ ወደ አገር ከገቡበት ጊዜ አንሥቶ፣ በተለይም ቃሊቲ የሚገኘው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል በ1981 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የውጭው ደም እየተሰራጨ መጥቷል። የአንዲትን ጊደር አባትና እናት ለይቶ የሚያሳየው ጽሑፍ ግን በአብዛኛው የሚገኘው አርቢው እጅ ባለው ደብተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ደብተሩ ካልተጣራ ጨረታው መሠረት የለውም።

ለእያንዳንዷ ጊደርና ጥጃ የጆሮ ቁጥሯን፣ የተወለደችበትን ቀን፣ የአባቷን ኮርማ ቁጥርና ዝርያ፣ የእናቷን ቁጥር፣ የእናቷን አባት ቁጥር፣ እንዲሁም ብቻዋን ወይም መንታ ሆና መወለዷን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። የኮርማውን ቁጥር በቃል ሰምቶ መጻፍ አይበቃም። አዳቃይ ቴክኒሻኑ የሚጠቀምባት፣ ከእስክሪብቶ ቀለም መያዣ የማትወፍረው ስትሮ፣ ማለትም የኮርማው ዘር የታሸገባት ቀጭን ቱቦ፣ የኮርማው ቁጥር ታትሞባታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማዳቀሉ በኋላ እዚያው በረት ውስጥ ትጣላለች። ባዶዋን ስትሮ ተቀብሎ፣ አጥቦና አድርቆ በላሟ ገጽ ላይ በፕላስተር መለጠፍ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በጨረታው ቀን ግን ከማናቸውም ንግግር የበለጠ ታሳምናለች። ስትሮዋ የተለጠፈችበትን ገጽ ያየ ገዢ ጥያቄውን ወዲያው ከአባትየው ወደ እናትየው ሲያዞር በተደጋጋሚ ተመልክቻለሁ።

ከዚያ ቀኖቹን ያስታርቁ። የሆልስታይን ፍሪዥያን ላም እርግዝና በአማካይ 280 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ብሎ መቁጠር ይበቃል፤ ጳጉሜን የሚሻገር ከሆነ 5 ወይም 6 ቀን ይቀነሳል። ጥቅምት 10 የተዳቀለች ላም ሐምሌ 20 አካባቢ መውለድ አለባት ማለት ነው። ጥጃዋ የተወለደችው ነሐሴ 11 ከሆነ ግን ልዩነቱ 21 ቀን፣ ማለትም ልክ የአንድ ኮርማ ፍለጋ ዙር ነውና፣ የመጀመሪያው ማዳቀል አልያዘም፣ ላሟንም በኋላ ያጠቃት የጎረቤት ኮርማ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። እንዲህ ያለችውን ጥጃ "አባቷ ያልተረጋገጠ" ብለው ይመዝግቡ። ዋጋዋ ዝቅ ይላል፤ የቀሩት ሁሉ መዝገብ ግን ታማኝነቱን ይጠብቃል።

የደም መጠንን፣ ማለትም የውጭው ዝርያ ድርሻን፣ ማስላት ቀላል ነው፤ የእናትና የአባት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። 75 በመቶ የሆነች ላም ከንጹሕ ፍሪዥያን ኮርማ የወለደቻት ጥጃ 87.5 በመቶ ትሆናለች። ከፍተኛ የደም መጠን ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለውን እምነት ግን በራስዎ ማስታወቂያ አያባብሱት፤ መኖና ጥላ በበቂ ለማያቀርብ፣ ሐኪምም በቅርብ ለማያገኝ ገዢ 62.5 ወይም 75 በመቶ የሆነችው ጊደር ትበልጥበታለች። የአባትየው ቁጥር ለገዢው የሚያስፈልገውም ለክብር ብቻ አይደለም፤ ጊደሯን መልሶ በዚያው ኮርማ ቢያስጠቃት ሩብ ያህሉ ዘረመል በዝምድና የተደጋገመ ጥጃ ይወለድለታልና ያንን እንዲያስወግድ ነው።

ስለ እናትየው ወተት ሲጽፉ "በቀን 25 ሊትር" የሚለውን አነጋገር ይተዉት። ላም ከፍተኛ ወተቷን የምትሰጠው በወለደች በሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፤ ያ ቁጥር ስለ ቀሪዎቹ ወራት ምንም አይናገርም። አንዲት ላም በአንድ ቀን እስከ 22 ሊትር ደርሳ በ305 ቀን፣ ማለትም በአንድ የአለባ ዘመን፣ 3,900 ሊትር ብትሰጥ፣ ሌላዋ ከ18 ሳታልፍ 4,300 ብትሰጥ፣ የመጀመሪያዋ አማካይ 12.8፣ የሁለተኛዋ 14.1 ሊትር ነው፤ ደላላው የሚያወድሳት ግን የመጀመሪያዋን ነው። በየቀኑ መመዝገብ ያልቻለ አርቢ በወር አንድ ቀን የማታውንና የጠዋቱን ለክቶ በ30 ቢያባዛ ለገዢ የሚበቃ ግምት ያገኛል። ከወተቱ ጎን በሁለት ወሊድ መካከል ያለውን ጊዜ ይጻፉ፤ በየ13 ወሩ የምትወልድ እናትና በየ18 ወሩ የምትወልድ እናት ልጆች በአንድ ዋጋ መሸጥ የለባቸውም።

አንድ ነገር ፈጽሞ እንዳይዘለል። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ከ10 ዘጠኙን ጊዜ መካን ናት፤ ምክንያቱም በማሕፀን ውስጥ ደማቸው ስለሚገናኝ የወንዱ ሆርሞን የሴቷን የመራቢያ አካል እንዳያድግ ያደርገዋል። መልኳ ግን አያስታውቅም። አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለችውን ጊደር ከአንድ እርባታ ገዝቶ አንድ ዓመት ተኩል ቀለባት፤ ኮርማ ትፈልጋለች ብሎ ሲጠብቅ ከርሞ በመጨረሻ ሐኪም በእጁ መርምሮ እውነቱን ነገረው። በፉርሽካና በፋጉሎ ያወጣው ገንዘብ ከጊደሯ ዋጋ በልጦ ነበር። ሻጩ መንታ መሆኗን ያውቅ ነበር፤ ስላልተጠየቀ አልተናገረም። እንዲህ ያለችው ለሥጋ እንጂ ለወተት ጨረታ አትቀርብም።

ጤና

የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ተላላፊው የውርጃ በሽታ፣ ከሁሉ አስቀድመው መመርመር አለባቸው፤ ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የነቀርሳው ምርመራ አንገት ላይ በቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት የሚለካበት ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ቢደገም ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ከጨረታው ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ አንድ ጊዜ በሚገባ ማሠራት ይሻላል። ብሩሴሎሲስን በተመለከተ የጊደሯ ደም ብቻ መመርመሩ አያስተማምንም፤ ከታመመች እናት የተወለደች ጊደር እስክትወልድ ድረስ በምርመራ ነጻ ሆና ልትታይ ትችላለችና መንጋው ሁሉ፣ በተለይ እናቶቹ፣ ይመርመሩ። የአባሰንጋ፣ የአባጎርባ፣ የጎርርሳ፣ የአፍና የእግር በሽታ እንዲሁም የቆዳ ጉርብርብ ክትባቶች የተሰጡበት ቀን ከነማረጋገጫው በገጹ ላይ ይያያዝ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት በጨረታው ሳምንት የተጻፈ ይሁን።

ማንን፣ መቼ

ጥጃዎችን ወተት ሳይተዉ አይሽጡ። አንዲት ጥጃ በቀን 1 ኪሎ ያህል የተመጣጠነ መኖ ለተከታታይ ቀናት ስትበላ ወተት መተው ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 3 ሳምንት በግቢዎ ትቆይ። ወተት በተወች በማግሥቱ አይሱዙ ላይ የተጫነች ጥጃ በገዢው ቤት ትታመማለች፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የሻጩ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ያለው ዕድሜ ጥሩ ነው። ከእርጉዝ ጊደሮች የ5 ወይም የ6 ወር እርግዝና ያላቸው ይመረጣሉ፤ ጽንሱ በሐኪም እጅ ያለ ጥርጥር ይታወቃል፣ ለጉዞም ገና አልከበዱም። በመጨረሻው ወር ላይ ያለችውን ከመኪና ያርቋት።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ድርቆሽና ገለባ የሚበዛበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። በዐቢይ ጾም የወተት ገበያ ስለሚቀዘቅዝ የገዢውም ልብ አብሮ ይቀዘቅዛል። በጥር አጋማሽ የ6 ወር እርጉዝ የሆነች ጊደር ደግሞ የምትወልደው በሚያዝያ ማብቂያ ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ ተፈትቶ የወተት ፈላጊው ሲመለስ ነውና፣ ይህን በማስታወቂያው ላይ በግልጽ መጻፍ ተገቢ ነው።

ጊደሮቹን ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ልባብ ያስለምዷቸው፣ ሰኮናቸው ይከርከም፣ ትርፍ ጡት ካለባቸው ሐኪም ይያቸው። ለጨረታ ተብሎ ማድለብ ግን ስሕተት ነው፤ የሰባች ጊደር ለመውለድ ትቸገራለች፣ ግቷም ውስጥ ስብ ይሞላል።

የጨረታው ደንብ

የምርምርና የመንግሥት ተቋማት ከብት ሲሸጡ ብዙውን ጊዜ በጋዜጣ አስነግረው በታሸገ ፖስታ ያጫርታሉ። ለአርቢ ግን በአካል የሚደረግ ግልጽ ጨረታ የተሻለ ይመስለኛል፤ ገዢው ሌላው ስንት እንደሰጠ እየሰማ ስለሚወስን ቅሬታው ይቀንሳል። ደንቡ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከዝርዝሩ ጋር ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ይሰራጭ። በደንቡ ውስጥ የጨረታ ማስከበሪያው መጠንና በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) መቅረቡ፣ ያላሸነፈ ተጫራች ገንዘቡን በዚያው ቀን መልሶ መውሰዱ፣ በእያንዳንዱ ጥሪ የሚጨመረው ዝቅተኛ ገንዘብ፣ አሸናፊው ቀሪውን የሚከፍልበት ቀን፣ እንዲሁም ከመዶሻው ምት እስከ ርክክብ ባለው ጊዜ ጊደሯ ብትታመም ወይም ብትሞት ጉዳቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ መስፈር አለበት። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

ከመነሻ ዋጋው ሌላ፣ ከእርሱ በታች የማይሸጡበትን የመጨረሻ ዋጋ ለእያንዳንዷ ጽፈው በፖስታ አሽገው ለጨረታው መሪ ይስጡ። ደላሎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይሰብሩ የሚከላከለው ይህና ከተለያየ አካባቢ፣ ለምሳሌ ከቢሾፍቱ፣ ከሰላሌና ከደብረ ብርሃን፣ ገዢዎችን መጥራት ነው። ዋጋ ለማናር የራስን ዘመድ በተጫራች መካከል ማስገባት ግን ማታለል ነው፤ አንድ ጊዜ የታወቀበት አርቢ ሁለተኛ ጨረታ አይኖረውም።

የጨረታው ቀን

ገዢዎች ከብቶቹን ተዘዋውረው የሚያዩበት ቢያንስ 2 ሰዓት ይስጧቸው። እናቶቹ በግቢው ካሉ ከልጆቻቸው አጠገብ ይታሰሩ፤ ከተቻለም የጠዋቱ አለባ ተጫራቾች ባሉበት ይሁን። ጥርስ ለማየት የሚፈልግ ይፈቀድለት፤ የ14 ወር ተብላ የቀረበች ጊደር ሁለት ቋሚ የፊት ጥርስ ካወጣች መዝገቡ ተሳስቷል ማለት ነው፤ እነዚያ ጥርሶች የሚወጡት ከ18 ወር በኋላ ነውና።

ምርጧን ጊደር መጀመሪያ አያውጧት፤ ገዢው ገና ድፍረቱን አላገኘም። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆና ትቅረብ። እያንዳንዷ ስትወጣ መሪው ቁጥሯን፣ አባቷን፣ የእናቷን የ305 ቀን ወተትና የእርግዝናዋን ወር ካነበበ በኋላ፣ ጉድለቷን ከዋጋው ጥሪ በፊት ጮክ ብሎ ይናገር፤ አንድ ጡቷ ጠባብ ከሆነ፣ በጥጃነቷ ሳንባዋ ታሞ ከነበረ፣ ሁለት ጊዜ ተዳቅላ የያዘችው በሦስተኛው ከሆነ። ይህን የሚፈሩ ሻጮች ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ጉድለቷ የተነገረላት ጊደር ከተገመተው ብዙም ሳትወርድ ስትሸጥ፣ ከእርሷ ቀጥለው ጉድለት የላቸውም የተባሉት ደግሞ ያለ ጥያቄ ሲጫረቱ አይቻለሁ። ዋጋው ሲቆም መሪው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ በመካከሉ በቂ ጊዜ እየሰጠ ይዝጋ፤ ጸሐፊው አሸናፊውንና ዋጋውን በዚያው ቅጽበት መዝግቦ ያስፈርም።

ርክክብ

ክፍያው በባንክ መግባቱ ሲረጋገጥ የመዝገቡ ቅጂ፣ የምርመራው ውጤት፣ የጤና ምስክር ወረቀቱና የሽያጭ ውሉ በአንድ ፋይል ለገዢው ይሰጡ፤ ዋናው ደብተር በእርስዎ ዘንድ ይቆያል። ከለመደችው መኖ የ5 ቀን ያህል በጆንያ አብሯት ይጫን፤ ገዢው ከራሱ መኖ ጋር ቀስ በቀስ እየቀላቀለ ይለውጥላታል። ወደ መንጋው ከማስገባቱ በፊት ለ3 ሳምንት ያህል ለብቻዋ እንዲያቆያት ይንገሩት። ጊደሯ በወለደች ቀንም እንዲደውልልዎ ይጠይቁት፤ የወለደችበትን ቀን፣ የጥጃውን ጾታና የመጀመሪያውን ወር ወተት በእናቷ ገጽ ላይ፣ ከአባቷ ስትሮ ሥር ይጻፉት።