ባዶ ቀዳዳ ሁሉ አይሰካም፦ የቢሮ አይፒ ስልክ ላይ የምናያቸው ስህተቶች

የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከአያት ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳ የሚጀምርበት ጋ ነው። አይሲቲ ክፍል ነኝ። "ስልኬ አይሠራም" የሚል ሰው ሁሉ እግሩ እስኪቀጥን ይመጣል፤ በማይሠራ ስልክ ደውሎ አይነግረኝማ!

መጀመሪያ የሁለቱ ቀዳዳዎች ነገር። አይፒ ስልኩን (በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሠራውን የቢሮ ስልክ ማለቴ ነው) ብትገለብጡት ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ አለው። አንዱ ከግድግዳ ለሚመጣው ኬብል ነው። ሌላው ኮምፒውተራችሁ በስልኩ በኩል ኔትወርክ እንዲያገኝ ነው። በቃ። ሁለቱም በአንዴ ግድግዳው ላይ አይሰኩም! ከተሰኩ የወጣው መልእክት በሌላው ኬብል ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል፣ እየተባዛ ስዊቹን፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ያንቀዋል። በአንድ የምዝገባ ሳምንት ሙሉ ሕንፃ ኔትወርክ አጣ። የሬጅስትራሩ ሰልፍ ደረጃው ላይ ደርሷል። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ እንደ ዕብድ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከምድር ቤት ጀምሬ ኬብል አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ። አንድ መምህር ጠረጴዛቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። "ትርፍ ኬብል መሬት ላይ ሲንጋለል ደስ አላለኝም፤ ቀዳዳውም ባዶ ነበር" አሉኝ። ነቀልኩት። ሕንፃው ነፍስ ዘራ። እውነቱን ለመናገር፣ ስዊቹ እንዲህ ያለውን ዙር ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ያኔ እዚያ ፎቅ ላይ አላበራነውም ነበር። እሱ የእኛ ጥፋት ነው። ቢሆንም ባዶ ቀዳዳ ባያችሁ ቁጥር እጃችሁን አይብላችሁ።

መሳቢያ ውስጥ ያገኛችሁትን ቻርጀር ስልኩ ላይ አትሞክሩ። ጫፉ ገባ ማለት ቮልቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ቢሮ ስትቀይሩ ስልኩን ታቅፋችሁ አትሂዱ፤ ቁጥሩም አብሯችሁ ይሄዳል። የአንድ ዲን ጥሪ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግዢ ክፍል ሲያነሳው ከርሟል።

መብራት ሲሄድ "ስልክ ከመብራት ጋር ምን አገናኘው?" የሚሉ አሉ። አልፈርድባቸውም። የድሮው የቴሌ ስልክ ኃይሉን በራሱ ሽቦ ከቴሌ ጣቢያ ስለሚያገኝ በጨለማም ይሠራ ነበር። ይኼኛው ግን የሚበላው በኔትወርክ ኬብሉ ከስዊቹ ነው። የስዊቹ ዩፒኤስ ባትሪ ካለቀ ስልኩም አለቀ። ጀነሬተር ሲነሳ ደግሞ እንደ ኮምፒውተር ሀ ብሎ ይጀምራል፤ ትንሽ ታገሱት። እሳት ወይም የታመመ ሰው ቢያጋጥም እሱን አትጠብቁ። 939 እና 907 ሞባይላችሁ ላይ ይኑሩ።

የድምፅ መቆራረጥን በተመለከተ የኢንተርኔት ፍጥነት ለክታችሁ ፎቶ አትላኩልኝ። አንድ ጥሪ ጂ.711 በሚባለው በተለመደው የድምፅ መላኪያ አሠራር በአንድ አቅጣጫ 90 ኪሎቢት በሰከንድ እንኳ አይሞላም። ችግሩ በሰዓቱ አለመድረስ ነው። ድምፃችሁ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ ተቆርሶ ይላካል። ዘግይቶ የደረሰው ቁራሽ ይጣላል፤ ጆሮ አይጠብቅማ። ስለዚህ የስልኩን አፕ ሞባይላችሁ ላይ ጭናችሁ፣ በዋይፋይ እያወራችሁ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ አትሂዱ። አጠገባችሁ ያለውም ሰው ፊልም ማውረዱን ለጊዜው ይተው።

የመጨረሻው ስህተት የእኔ ነው። አዲስ እያለሁ፣ ሰው እንዳይረሳ ብዬ የእያንዳንዱን ስልክ ፓስዎርድ ከራሱ የውስጥ ቁጥር ጋር አንድ አደረግኩት። የ2114 ፓስዎርድ 2114። የስልክ ሰርቨሩ ደግሞ ለውጭ ኢንተርኔት ክፍት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰርቨር ሌሊትና ቀን እየዞሩ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች እንዳሉ አላውቅም ነበር። የገና ሰሞን ቢሮው ተዘግቶ ሳለ አንዱ ገባና ሲደውል አደረ። ቢሉ ሲመጣ ፋይናንስ ያሉት እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩ። ካርታ ላይ ፈልገን ያገኘናት ደሴት ላይ ደረሱ።

"ምነው ልጄ፣ እዚህ ዘመድ አለህ እንዴ?"