ለሰኔው ድንች በሚያዝያ መነሳት

የምኖረው ሆለታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጓሮ ድንቼን ያጣሁት በስንፍና አልነበረም። መሬቱን ሁለት ጊዜ ቆፍሬያለሁ፣ ፍግ ጨምሬያለሁ፣ አረሙን በእጄ ነቅያለሁ። ዘሩን ግን የገዛሁት ከገበያ፣ ለወጥ ከሚሸጠው ጆንያ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠወልግ ጀመር። ዝናቡ ሳያቋርጥ፣ አፈሩ ርሶ፣ ተክሉ ውሃ እንደ ጠማው አንገቱን ደፋ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ መጣችና አንዱን ግንድ ከሥሩ ቆርጣ ንጹህ ውሃ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥላ ያዘችው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ይወርድ ጀመር። «አጠውልግ ነው» አለችኝ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። ወደ ጓሮዬም የገባው ከዘሩ ጋር ነበር። ይባስ ብሎ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ያ ጥግ ከዚያ ወዲህ ድንች አላየም፤ ጎመንና በቆሎ ነው የማበቅልበት።

ስለዚህ ድንች ልትተክሉ ካሰባችሁ ከዶማው በፊት ስለ ዘሩ አስቡ። እኔ ሚያዝያ እንደገባ ዘር ወደሚያባዙ ገበሬዎች እሄዳለሁ። በእኛ አካባቢ ጀልዱ በዘር ድንች የታወቀ ነው፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዘር አባዢዎችን ማኅበር ያመለክታችኋል። ዝርያውን በስም ጠይቁ። የሆለታ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ በብዛት ይገኛሉ። የሁለቱ ስም ከኦሮምኛ ነው፤ ጃለኔ «ወደድን»፣ ጉደኔ «አደግን» እንደማለት ነው፤ ለድንች የወጣ ስም እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። በለጠ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የተለቀቀ ሲሆን ምርቱም ብዙ ነው፣ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀውን የክረምት በሽታ፣ ምችንም፣ ከጃለኔ በተሻለ ይቋቋማል። ጃለኔን ምች እየደጋገመ ስለሚመታው ለክረምት እንድትተክሉት አልመክርም። እኔ በለጠን እተክላለሁ።

ስንት ኪሎ ይበቃል? የእኔ መደብ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። በትልምና በትልም መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ስተው 5 ትልም ይወጣልኛል፤ በእያንዳንዱ 20፣ በድምሩ 100 ተክል። ጥሩ የዘር ድንች የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ ክብደቱ ከ40 እስከ 60 ግራም ነው። እንግዲህ 5 ኪሎ ይበቃኛል ማለት ነው። ትልቁን ድንች ቆራርጦ መትከል ወይም ከልጣጩ ዓይን ያለበትን መቅበር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልቆርጥም። ቢላዋ ከአንዱ የታመመ ድንች ወደ ሌላው በሽታውን ያስተላልፋል። የግድ ከሆነባችሁ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይኑር፣ ቢላዋውን በየድንቹ መካከል በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ንከሩ፣ ቁራጩም ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን በጥላ ይቆይ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘልለው ሥራ፣ ዘሩን በብርሃን ወደ ማጎንቆል፣ ልምጣ። ዘሩ እንደተገዛ በጆንያ ውስጥ ጨለማ ቤት ከተቀመጠ ረዥም፣ ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጉንቁል ያወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል። እኔ የምጠቀመው 30 እንቁላል የሚይዘውን የወረቀት ትሪ ነው። አራት ትሪ ለ100 ድንች ይበቃል። ድንቹን አንድ በአንድ፣ ብዙ ዓይን ያለበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ እደረድራለሁ። ትሪዎቹን በረንዳ ላይ ብርሃን በሚያገኙበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማትመታቸው ቦታ አስቀምጣለሁ። ዝናብ እንዳይነካቸው፣ ነፋስ እንዳይርቃቸው። የድንች የእሳት እራት እንቁላሏን እንዳትጥልባቸው አሮጌ የአልጋ አጎበር ጣል አደርግባቸዋለሁ። በየሳምንቱ እያየሁ የለሰለሰውን ወይም የሸተተውን ወዲያውኑ አውጥቼ ከግቢ አርቄ እቀብራለሁ።

ድንቹ ብርሃን ሲያገኝ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዘር መልካም ነው። ያ አረንጓዴ ድንች ግን ወደ ድስት እንዳይገባ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፤ ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ስላለበት ሆድ ያሳምማል። እስከ ሰኔ ድረስ ከየዓይኑ አጭር፣ ወፍራም፣ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ መልክ ያለው ጉንቁል ይወጣል። ርዝመቱ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ዘሩ ለመተከል ዝግጁ ነው። በጣት ሲነኩት የማይረግፍ ጉንቁል ያየሁ ዕለት የሚሰማኝን ደስታ በቃላት አልገልጸውም።

ዘሩ በረንዳ ላይ ሳለ መሬቱ ይዘጋጃል። ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ካለፉት ሦስት ዓመታት በአንዱ ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም በርበሬ የነበረበትን ቦታ ተዉት፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው። ግቢዬን በአራት የከፈልሁት ለዚህ ነው፤ ድንቹ ሽንኩርትና ባቄላ ወደ ነበረበት እየተዛወረ ይሄዳል። ቁፋሮው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ሚያዝያ ላይ አንድ ጊዜ እቆፍርና ለፀሐይ እተወዋለሁ፤ ግንቦት ላይ ደግሜ ስቆፍር የሰርዶውን ሥር አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ሰርዶ በዶማ ሲቆራረጥ ይበዛል እንጂ አይሞትም።

ውሃ የሚተኛበት መሬት ድንች ያበሰብሳል። ለመፈተን ማታ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ጠዋት ውሃው ካለ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውንም ቦይ አውጡለት። የእኛ ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ መረሬ፣ ማለትም ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር፣ ያላችሁ ግን ይህን ቸል አትበሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ምሕረት የላቸውም።

በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ አበትናለሁ። ትኩስ ፍግ አልጨምርም። እናቴ ለጓሮ አትክልት ሁሉ አመድ ትነሰንስ ነበር፤ ለጎመኑ አሁንም እነሰንሳለሁ፤ ለድንች ግን ትቼዋለሁ። አመድ የአፈሩን አሲድ ይቀንሳል፤ የድንቹን ቆዳ የሚያሻክረው እከክ ደግሞ አሲዱ የቀነሰ አፈር ይስማማዋል። ጎረቤቶቼ ለገብስና ለባቄላ ኖራ ይጨምራሉ፣ ልክ ናቸው፤ ድንች ግን አሲዳማውን አፈር ይችለዋል።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው ትልሙን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አጠልቃለሁ። ትሪዎቹን ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ ልጆቹ ከወረወሩት ጉንቁሉ ይሰበራል። ድንቹን ጉንቁሉ ወደ ላይ እንዳለ አስቀምጬ በለሰለሰ አፈር እሸፍነዋለሁ፤ በእግሬ አልረግጠውም። የወረቀት ትሪዎቹን በዚያው ቀን አቃጥላቸዋለሁ፤ በሽታ ይዘው እንዲከርሙ አልፈልግም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቡቃያው ብቅ ይላል፤ ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሞላ መኮትኮቻውን ይዛችሁ የመጀመሪያውን አፈር አስታቅፉት።