ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ከቴሌቪዥን ጋር እንዴት እናያይዛለን? ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያለችው አክስቴ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ደወለችልኝ። «አቦ፣ ልጆቹ በዚህች ትንሽ ስክሪን ላይ ተደራርበው ሲያጠኑ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ተሰቅሏል። ናና አያይዝልኝ» አለችኝ። ገመዱንም ራሷ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርዳ ገዝታ ጠበቀችኝ። ገመዱ አዲስ ነው፤ ጥሩም ነው። ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ግን የሚሰካበት ቦታ የለውም።

ይሄ ብዙ ቤት የማየው ነገር ነው። ማያያዙ ራሱ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜና ብር የሚበላው የማይሆን ገመድ ገዝቶ መመላለሱ ነው። በዚያ ፀሐይ ሁለቴ ገበያ መውረድ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን እንይ።

ጀርባውን እዩ፣ ፎቶ አንሱ

ሲስተም ዩኒቱን፣ ብዙ ሰው ሲፒዩ የሚለውን ሳጥን ማለቴ ነው፣ ዞር አድርጉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የቴሌቪዥኑንም ጀርባና ጎን እንደዚያው። ገበያ ስትሄዱ ፎቶውን ለሻጩ ማሳየት ስም ከመጥራት ይሻላል። ከሚከተሉት አራት መሰኪያዎች ቢያንስ አንዱን ታገኛላችሁ።

ኤችዲኤምአይ ጠፍጣፋ ነው፤ ከታች በኩል በሁለቱም ጎን ጠበብ ይላል። ምስልም ድምፅም በአንድ ገመድ ያሳልፋል። ዛሬ ያሉት ፍላት ቴሌቪዥኖች ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄ አላቸው። ኮምፒውተራችሁም ካለው እድለኛ ናችሁ። አንድ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይበቃችኋል።

ዲስፕሌይፖርት ከሩቅ ሲያዩት ኤችዲኤምአይ ይመስላል። ልዩነቱ አንድ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ መሆኑ ነው። የአክስቴ ኮምፒውተር ይሄ ነበር። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ለምሳሌ የቆዩት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እና 9020 ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ ይዘው ነው የተሠሩት። ኤችዲኤምአይ የላቸውም። መፍትሔው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ገመድ ነው። ድምፅም አብሮ ያልፋል። ይህ ገመድ ግን የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ዲስፕሌይፖርቱ ኮምፒውተሩ ጋ፣ ኤችዲኤምአዩ ቴሌቪዥኑ ጋ መሆን አለበት። ስትነቅሉም ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይሁን። በጉልበት የተሳበ ዲስፕሌይፖርት መሰኪያውን ይዞ ነው የሚወጣው።

ቪጂኤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። 15 ቀዳዳዎች በሦስት ረድፍ፣ ግራና ቀኙ ላይ ብሎን አለው። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ዛሬም ከሰው ቤት አልጠፋም። ቴሌቪዥናችሁም ቪጂኤ ካለው ገመዱን ቀጥታ ስኩት። ከሌለው ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኮንቨርተር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው፣ መልኩ ተመሳሳይ ነው። እሱን ገዝቼ ግማሽ ቀን ምስል ፈለግሁ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ የእናንተ ኮንቨርተር ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ወንድ (እሾህ ያለው) ቪጂኤና የኤችዲኤምአይ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ይኖረዋል። ኃይል የሚያገኝበት የዩኤስቢ ገመድና ድምፅ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳም ያለውን ምረጡ። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያሳልፍ ድምፁ ለብቻው ነው የሚሄደው።

ዲቪአይ ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጭ። ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ገመድ ርካሽና ቀላል ነው። ድምፁን ግን ለብቻው መውሰድ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ብቻ ላለው ባለ ሆዱ የድሮ ቴሌቪዥን ኮንቨርተር አለ፤ ፊልም ያሳያል። ጽሑፍ ግን አይነበብበትም። ለጥናት ብላችሁ ገንዘብ አታውጡበት።

የገመዱ ርዝመት እስከ 5 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ሲረዝም ምስሉ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። ስትለኩ ደግሞ ቀጥታውን ሳይሆን በግድግዳው ጥግ ዞሮ የሚሄድበትን ለኩ።

ሁለት ቦታ መሰኪያ ካለ

ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያወጣ ተጨማሪ ሰሌዳ፣ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ጀርባው ላይ ሁለት ቦታ የምስል መሰኪያ ታያላችሁ። አንደኛው ከዩኤስቢዎቹ ጎን ያለው የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ነው። ሁለተኛው ወደ ታች ወረድ ብሎ ለብቻው የተደረደረው የካርዱ ነው። በካርዱ ስኩት። ካርድ ሲኖር የማዘርቦርዱ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ «ቴሌቪዥኑ ምንም አላሳይ አለ» ብለው ከሚጠሩኝ ውስጥ ስንቱ ይሄ ሆኖ አገኘሁት።

ኮረንቲውን ሳታዩ አትሰኩ

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት።

የኮምፒውተራችሁን ቆርቆሮ ስትነኩ ጣታችሁን ነዘር ያደርጋችኋል? ብዙ ጊዜ ሶኬቱ የመሬት መስመር፣ ማለትም ኧርዝ፣ ስለሌለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚቀበለው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ውስጥ የኮረንቲ ረብሻን ወደ መሬት የሚያወርዱ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዝ ከሌለ የሚወርድበት አያገኝም። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። 220 ቮልት በሚገባበት ቤት ቆርቆሮው ላይ 110 ቮልት አካባቢ ሊለካ ይችላል። የሚያልፈው ኮረንቲ መጠን ግን ትንሽ ስለሆነ ሲነካ የሚሰማው መንዘር ብቻ ነው። ጠንከር ብሎ ከያዛችሁ ግን ሌላ ብልሽት አለና ኤሌክትሪሺያን ሳይመጣ አትንኩት።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ በሪሲቨሩ በኩል ጣሪያ ላይ ካለው የዲሽ ብረት ጋር ተያይዟል። ሁለቱ በርተው ሳለ ኤችዲኤምአዩን ስትሰኩ ያ የተጠራቀመ ኮረንቲ መንገድ አገኘ ማለት ነው። የሚያልፈውም በዚያች ቀጭን መሰኪያ ነው። እኔ ቤት እንዲህ ስሰካ ትንሽ ብልጭታ አየሁ። የቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ 1 ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. ኮምፒውተሩን በደንብ ዝጉት። ኮምፒውተሩንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ሪሲቨሩንም ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም።

2. የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ፍቱት።

3. ገመዱን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ስኩ። የቴሌቪዥኑን ቁጥር ልብ በሉ፤ 1 ነው ወይስ 2?

4. የዲሹን ገመድ መልሱ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ስኩ። ኧርዝ ያለው ሶኬት ካለ እሱ ይመረጣል። ስታቢላይዘር ካላችሁ ዲቫይደሩ ከእሱ ይውጣ።

5. ቴሌቪዥኑን አብሩና በሪሞቱ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭናችሁ የሰካችሁበትን ቁጥር ምረጡ።

6. አሁን ኮምፒውተሩን አብሩ። ቴሌቪዥኑ ቀድሞ መብራቱ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ቆየት ያለ ኮምፒውተር ሲነሳ ያላገኘውን ስክሪን በኋላ አይፈልገውም።

ኮምፒውተሩ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ አሁንም «ሲግናል የለም» የሚል ከሆነ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «P» የሚለውን ፊደል ተጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል። «ፒሲ ስክሪን ኦንሊ» ሞኒተሩ ላይ ብቻ ያሳያል። «ዱፕሊኬት» ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ያደርጋል። «ኤክስቴንድ» ቴሌቪዥኑን እንደ ተጨማሪ ጠረጴዛ ይዘረጋዋል። «ሴኮንድ ስክሪን ኦንሊ» ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ነው። ለፊልምና ለቪዲዮ ትምህርት እኔ የመጨረሻውን ነው የምመርጠው። ዱፕሊኬት ሲሆን ሁለቱ በአንድ መጠን እንዲሠሩ ይገደዳሉ፤ ካሬ መሰል የድሮ ሞኒተር ካላችሁ ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ድምፁ ከኮምፒውተሩ ከቀረ

ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ድምፁ ግን ከድሮው ስፒከር እየወጣ ነው እንበል። ከስር በቀኝ በኩል ያለችውን የስፒከር ምልክት ንኩና ከዝርዝሩ የቴሌቪዥናችሁን ስም ምረጡ። አለቀ። በቪጂኤ ያገናኛችሁ ግን ከኮምፒውተሩ አረንጓዴ ቀዳዳ ወደ ኮንቨርተሩ ወይም ወደ ቴሌቪዥኑ የድምፅ መግቢያ ትንሿን የድምፅ ገመድ አስገቡ።

ምስሉ ጠርዙ ከተቆረጠ፣ ፊደሉ ከደበዘዘ

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ድረስ ነው ብሎ ያቆማል። ለሚያጠና ልጅ ግን ዋናው ገና ነው።

ከስር ያለው መስመር ግማሹ ከጠፋ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለጠጥ አድርጎ ጠርዙን እየቆረጠ ነው። ከድሮ የቴሌቪዥን ሥርጭት የቀረ ልማድ ነው። የቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ማስተካከያ ውስጥ ግቡ። ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን»፣ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን» የሚለውን ምረጡ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ክፈቱና የምስሉን መጠን፣ ማለትም «ሪዞሉሽን» የሚለውን፣ አስተካክሉ። ፉል ኤችዲ ለሆነ ቴሌቪዥን 1920 በ1080 ነው። ብዙ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1366 በ768 ናቸው። ፎር ኬ ቴሌቪዥን ኖሯችሁ ማውሱ ተጎትቶ የሚሄድ ከመሰላችሁ ኮምፒውተሩ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ 1.4 የሚባለው የቆየ የኤችዲኤምአይ ዓይነት አቅም ለፎር ኬ እስከዚያ ድረስ ነው። ወደ 1920 በ1080 ዝቅ አድርጉትና በሰከንድ 60 ይሆንላችኋል።

ፊደሉ፣ በተለይ ቀይና ሰማያዊው፣ ዳሩ ከደበዘዘ ቴሌቪዥኑ የመጣለትን ነገር ፊልም መስሎት የቀለሙን ዝርዝር እየቀነሰ ነው። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ የሰካችሁበትን የኤችዲኤምአይ ስም ወደ «ፒሲ» ስትቀይሩት ፊደሉ ይጠራል። ይቺን ማስተካከያ ብዙ ሰው አያውቃትም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወዳት እሷን ነው፤ አማርኛ ፊደል እግሩና እጁ ተለይቶ ካልታየ «ሰ» እና «ስ» እንኳ ይምታታሉ።

ከሩቅ ተቀምጠው የሚያነቡ ከሆነ እዚያው ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ «ስኬል» የሚለውን 150 በመቶ አድርጉት።

ሙቀቱንም አስቡት

ሲስተም ዩኒቱን ከቴሌቪዥኑ ጋር ይስማማ ብላችሁ በር ባለው ቡፌ ውስጥ አትዝጉበት። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ሰውም አያስችለውም። ከጀርባው አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው ይራቅ። አቧራውንም በየጊዜው አስወጡለት። መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ስኩ።

አክስቴ ቤት ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደውን ገመድ ማታውኑ አመጣሁ። እሷ የገዛችው ለሪሲቨሩ ዋለ፤ የሪሲቨሩ የድሮ ገመድ ጫፉ ላልቶ ምስሉ ይጠፋባት ነበር። ልጆቹ ምንጣፉን ከቴሌቪዥኑ ራቅ አድርገው አነጠፉና የፊዚክሱን ቪዲዮ ከፈቱ። ትልቋ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ «ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው፣ ቀመሩን ልጻፍ» አለች፤ ሁሉም ከተቀመጠበት ሆኖ ቀመሩን አነበበላት።