ከካርታሄና ሳንታ ማርታ በመኪና፦ ጥንዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኮሎምቢያን የካሪቢያን ዳርቻ ካርታ ላይ ስታዩት ጉዞው ምንም አይመስልም። ከካርታሄና ባራንኪያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባራንኪያ ሳንታ ማርታ ደግሞ ወደ 100። ተደምሮ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከመንዳት ያንሳል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ሰው አያቅድም። ሲነቃ ይነሳል፣ ሲመቸው ይወጣል፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ መሃል መንገድ ላይ ሁለቱም ተኮራርፈው አንዱ በቀኝ መስኮት፣ አንዱ በግራ መስኮት ያያሉ። እዚያ ሀገር ፕሮግራም የሚያወጣው ሙቀቱ ነው።

ቀትር ላይ መንዳት

ድሬዳዋ ያደገ ሰው "ካርታሄና 32 ዲግሪ ነው" ሲሉት ይስቃል። ይሳቅ፣ እስኪደርስ ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስትገቡ ይለቃችኋል። የካርታሄናው ግን ከባሕር እርጥበት ጋር ስለሚመጣ ላባችሁ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ገላችሁን ታጥባችሁ ፎጣውን ሳታሰጡት እንደገና ትረጥባላችሁ። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው ነፋስ ትንሽ ያስታግሳል እንጂ ዲግሪውን ብዙም አያወርደውም።

ቀኑም አጭር ነው። ካርታሄና ከደብረ ማርቆስ ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፀሐይዋ የምናውቃት ፀሐይ ናት፣ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በበጋ የሄደ ሰው ግን የረጅሙን ምሽት ብርሃን ስለለመደ ይሸወዳል። ጠዋት በእኛ 12 ሰዓት ውጡ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ደርሳችሁ ቁርስ ብሉ። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ወይ ክፍል ውስጥ ወይ ውሃ ውስጥ ሁኑ። ማለዳ መነሳት የማይሆንለት ካለ እንቅልፉን ጋቢና ይጨርስ፣ በዚህ ምክንያት አትጣሉ።

በጨለማ መንዳት ይቅርባችሁ። መብራት የሌለው ሞተር ብስክሌትም፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ እግረኛም አለ።

መኪና ቶሎ መከራየት፣ ያውም ርካሹን

በግንብ የተከበበችው የካርታሄና አሮጌ ከተማ በእግር የምትታይ ናት። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፣ ማቆሚያ ማግኘት መከራ ነው። በዚያ ላይ በታርጋ የመጨረሻ ቁጥር በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት መንዳት የሚከለክል ሕግ አለ፣ ፒኮ ይ ፕላካ ይሉታል፤ የኪራይ መኪናም አያመልጥም። ቅጣቱ ሀገራችሁ ከገባችሁ በኋላ በኪራይ ድርጅቱ በኩል ከካርዳችሁ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ከከተማ በምትወጡበት ቀን ተረከቡ።

ስትረከቡ ጭረቱን ሁሉ በስልክ ቅረጹ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ኤሲው ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ለአሥር ደቂቃ ኤሲውን ሞክሩት። ሲነዳ አሪፍ የሚያቀዘቅዝ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ግን ሙቅ አየር የሚተፋ መኪና ከሰጧችሁ አትቀበሉ። ርካሾቹ መኪኖች ብዙ ጊዜ ማንዋል መሆናቸውንም አትርሱ። አንዳችሁ አውቶማቲክ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ሌላው የግድ ብቻውን ይነዳል፤ ብቻውን የነዳ ሰው ደግሞ ማታ ላይ ምን እንደሚመስል ትዳር ያለው ያውቃል።

ነዳጅ የሚሸጠው በጋሎን ነው። በየኬላው የመንገድ ክፍያ ስላለ ዝርዝር ፔሶ በእጃችሁ ይኑር።

የባሕሩን መንገድ ብቻ ማወቅ

ከካርታሄና ወደ ባራንኪያ ሁለት መንገድ አለ። የስልካችሁ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ዳሩን ይመርጣል፣ እሱም ጥሩ ነው፤ ከካርታሄና ስትወጡ ውሃና ማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ላይ የተዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ድልድይ ታልፋላችሁ። ነገር ግን በሉሩዋኮ በኩል የሚያልፈው የውስጡ አሮጌ መንገድ ሆድን ያስደስታል። ሉሩዋኮ በአንድ ነገር ትታወቃለች፦ እንቁላል በሆዱ በያዘ አሬፓ። የበቆሎ ሊጥ ጠፍጥፈው ዘይት ውስጥ ይጥሉታል። ተነፍቶ ሲመጣ አውጥተው ጠርዙን በቢላ ከፈት ያደርጉና ጥሬ እንቁላል ያፈሱበታል፣ ቀዳዳውን በሊጥ ደፍነው መልሰው ይጠብሱታል። እንደወጣ አትንከሱት፣ ምላሳችሁ ይላጣል። አንድ ደቂቃ ታገሱ።

ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ደግሞ ችግር የለም። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ሁለት ጊዜ የተጠበሰ ያልበሰለ ሙዝ በየምግብ ቤቱ አለ። ሥጋውን ተዉልኝ ማለት ብቻ ነው።

ባራንኪያን መናቅ፣ ዝናቧንም መናቅ

ብዙ ሰው ባራንኪያን ቡና ጠጥቶ ያልፋታል። የሙዚየም ከተማ አይደለችም፣ እውነት ነው። ግን ማታ በማግዳሌና ወንዝ ዳር ያለው መናፈሻ ላይ ነፋሱ ሲመጣ አብሮ መሄድ ደስ ይላል፣ የከተማዋ ልጅ የሻኪራ ትልቅ ሐውልትም እዚያው ቆሟል። ከአብይ ጾማቸው መግቢያ በፊት ባሉት አራት ቀናት ደግሞ ታላቁ ካርኒቫል አለ። በዚያ ሳምንት ያለ ቦታ ማስያዝ መሄድ መኪና ውስጥ ለማደር መወሰን ነው። ቀኑ ከፋሲካቸው ጋር ስለሚንቀሳቀስ በየዓመቱ አጣሩ።

አሁን ዋናው። ባራንኪያ ያደገችው የዝናብ ውሃ መውረጃ በወጉ ሳይሠራላት ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አንዳንድ ጎዳና በደቂቃዎች ውስጥ ወንዝ ይሆናል፣ አሮዮ ይሉታል፤ መኪና ጠርጎ ይወስዳል። በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹን በቦይ አስገብተዋቸዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሰማዩ ከጠቆረ አትነሱ። መንገድ ላይ ከያዛችሁ ከፍ ያለ ቦታ ወይም የገበያ ማዕከል ፈልጋችሁ ቁሙ። "ውሃው እኮ ቁርጭምጭሚት ነው" የሚል ባል ካለ ቁልፉን ተቀበሉት።

ከባራንኪያ በኋላ ያለውን መንገድ እንደ ማንኛውም መንገድ ማየት

እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን ትልቁን የፑማሬሆ ድልድይ ተሻግራችሁ ስትወጡ መንገዱ በባሕርና በትልቅ ሐይቅ መካከል ጠበብ ባለ መሬት ላይ ይዘረጋል። በግራ ካሪቢያን፣ በቀኝ ሲዬናጋ ግራንዴ። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሠራ የባሕሩና የሐይቁ ውሃ የሚገናኝበትን ዘጋው። ጨዋማነቱ በዝቶ ማንግሮቩ በብዛት ደረቀ። ቀጥ ብለው የቆሙ ግራጫ ግንዶች ካያችሁ እነዚያ ናቸው። አሁን ደግሞ ባሕሩ ራሱ መንገዱን እየበላው ነው።

በዚህ መስመር ያሉት ታሳሄራን የመሳሰሉ መንደሮች ድሆች ናቸው፤ መብራት ወይም ውሃ ሲጠፋባቸው መንገዱን ዘግተው አቤት ይላሉ። ሌላ አጭር መንገድ ስለሌለ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ታንከሩን ባራንኪያ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት ትልልቅ ውሃ ያዙ፣ መጸዳጃ ቤትም ከመውጣታችሁ በፊት ሂዱ። በዚያው ቀን የሚነሳ አውሮፕላን ትኬት በፍጹም አትቁረጡ።

ታይሮና ተዘግቶ መድረስ

ከሳንታ ማርታ አለፍ ብሎ ያለው የታይሮና ፓርክ በዓመት የተወሰኑ ጊዜያት ለጎብኚ ይዘጋል፤ ብዙውን ጊዜ በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት አካባቢ። ትኬት ሳትቆርጡ ቀኑን አረጋግጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ኮሎምቢያ በዚህ በሽታ ምክንያት የጤና አስቸኳይ ጊዜ አውጃ ነበር። ከሀገር ቤት ስትወጡ የያዛችኋት ቢጫ ካርድ ካለች አሮጌ ናት ብላችሁ አትጣሏት፣ ዕድሜ ልክ ታገለግላለች። አዲስ የምትከተቡ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት። ፓርኩ ውስጥ አሬሲፌስ በሚባለው ባሕር ዳርቻ ደግሞ አትዋኙ፣ ማዕበሉ ብዙ ሰው በልቷል፣ ማስጠንቀቂያው እዚያው ተለጥፏል።

ሙቀቱ ከሰለቻችሁ ሚንካ ውጡ። ከሳንታ ማርታ አንድ ሰዓት የማይሞላ ዳገት ነው፣ ቡና ይበቅላል፣ ማታ ትንሽ ይቀዘቅዛል።

ሌሎች ትናንሽ የሚመስሉ

"አንድ ቢራ ምን ያደርጋል?" እዚያ ያደርጋል። ሕጉ ጥብቅ ነው። የሚነዳው ሰው ከነጭራሹ አይጠጣ።

የሁለታችሁንም ካርድና ፓስፖርት አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ።

ፓስፖርታችሁ የተለያየ ከሆነ ትኬቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቪዛው ይለቅ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፣ የኢትዮጵያ የያዘ ግን አይገባም።

በመጨረሻ፣ በመጣችሁበት መንገድ ወደ ካርታሄና መመለስ ቀን መጣል ነው። መኪናውን ሳንታ ማርታ ማስረከብ ስንት እንደሚያስጨምር ስትከራዩ ጠይቁ። የሳንታ ማርታ አውሮፕላን ማረፊያ ባሕሩ ዳር ነው፣ ከዚያ ቦጎታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበረራል። ቦጎታ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች፣ ጃኬትና ካልሲያችሁን ሻንጣው ሥር አትቅበሩት።