ከመርከብ ወርደው ሮም ሲሰነብቱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመዝናኛ መርከብ ላይ አንድ ሳምንት የከረመ ሰው ይሞላቀቃል። አልጋው ይነጠፍለታል፣ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርብለታል፣ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ ሌላ አገር ደርሶ ይገኛል። በስምንተኛው ቀን ማለዳ ግን ሻንጣውን ይዞ ወደብ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ «ምን ጎደለህ?» የሚለው የለም። እናቴን ይዤ ሜዲትራኒያንን ዞሬ ሮም አምስት ቀን ስቀመጥ የገባኝ፣ ብዙዎቻችን ለመርከቡ ወራት እየተዘጋጀን ከእሱ በኋላ ያሉትን ቀናት ግን እንደ ገበያ ምርቃት መቁጠራችን ነው። «ሮም ስንደርስ እናያለን» እንላለን። ሮም ስንደርስ የምናየው ሰልፍ ነው።

የወረዱበትን ቀን እንደ ሙሉ ቀን መቁጠር

የጉዞው ወረቀት «ሮም» ቢልም መርከቡ ሮም አይደርስም። የሚቆመው ከከተማው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ቀኑን እንደኔ አስቡት፦ ማለዳ መርከቡ ይቆማል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ክፍልዎን ይለቃሉ፤ ከዚያ ተራዎ እስኪጠራ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ነው። ወርደው ሻንጣ ይፈልጋሉ፤ የወደቡ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ የሚባለው በር ድረስ ያደርስዎታል፤ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያው ደግሞ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ የሚበልጥ የባቡር ጉዞ። ሮም ሲገቡ እኩለ ቀን ተቃርቧል፤ ሆቴሉ ግን ክፍል የሚሰጠው 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ለዚያ ቀን የከሰዓት በኋላ የእግር ሽርሽርና ጥሩ እራት ይበቃል። ኮሎሲየምን ለዚያ ዕለት የያዘ ሰው ገንዘቡን ለዕድል ሰጥቷል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትንሽ የምትመስል ስህተት አለች። በመጨረሻው ሌሊት ትልልቅ ሻንጣዎች ባለ ቀለም ምልክት ታስሮባቸው ከክፍሉ በር ውጭ ይቀመጣሉ፤ ሠራተኞች ሌሊቱን ሰብስበው ይወስዷቸዋል። እማዬ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ አድርጉ የተባለውን ታደርጋለች። ሁሉንም አጣጥፋ፣ ቆልፋ፣ ሻንጣውን ራሷ ጎትታ አወጣች። ጠዋት ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ «ልጄ፣ ክኒኔስ?» አለችኝ። የደም ግፊት መድኃኒቷ፣ ነጠላዋና የውጭ ጫማዋ ከእኛ ብዙ ፎቅ በታች በሻንጣ ክምር ውስጥ ነበሩ። በሌሊት ልብሷ ላይ የእኔን ካፖርት ደርባ፣ በመርከቡ ነጭ ነጠላ ጫማ ጣሊያን ገባች። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ቻርጀርና የጠዋት ልብስ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይቅሩ።

ቪዛውን በመርከቡ ቀናት ልክ መጠየቅ

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጣሊያን ለመግባት ቪዛ ስለማያስፈልገው አብረውት የሚሄዱት ዘመዶቹም የማያስፈልጋቸው ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው፣ በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሥራ ፈቃድ ቢኖርም፣ የሸንገን ቪዛ (ጣሊያንና ግሪክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጋሩት የመግቢያ ፈቃድ) ያስፈልገዋል። ቪዛው ደግሞ የተሰጡትን ቀናት ይቆጥራል። የመርከቡን ሰባት ቀን ጠይቆ ሮም አምስት ቀን መጨመር አይቻልም፤ የሆቴሉ ቦታ ማስያዣም፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ መድንም እስከ መጨረሻው ቀን መድረስ አለባቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ የመርከቡ መንገድ ነው። ከጣሊያን ተነሥቶ የግሪክ ደሴቶችን አይቶ የሚመለስ መርከብ ከሸንገን ክልል አይወጣም። ያው መርከብ በመሀል ቱርክ፣ ኩሻዳሲ ጎራ ካለ ግን ወጥቶ እንደገና መግባቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ሲመለስ ቪዛው አልቋል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት የሚቆሙባቸውን ወደቦች አንድ በአንድ ያንብቡና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቁ። ማመልከቻው ረጅሙን ጊዜ ለሚያሳልፉበት አገር ስለሚቀርብም ሮም የሚቀመጡባቸውን ቀናት አስቀድሞ መወሰን የግድ ነው። «በኋላ እንወስናለን» የሚለው ዕቅድ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ባቡሩን ንቆ ታክሲ መያዝ፣ ወይም ቲኬቱን ሳያስመቱ መሳፈር

ወደቡ በር ላይ «ሮም! ሮም!» የሚሉ ሾፌሮች አይጠፉም። እኛን የጠራን ሰው የተናገረው ዋጋና ስንደርስ የጠየቀው ዋጋ አልተዋወቁም። ብዙ ሻንጣና አረጋውያን ካሉ አስቀድሞ ዋጋው በጽሑፍ የተቆረጠ መኪና መያዝ ያዋጣል፤ አለበለዚያ ለአንድ ሰው 5 ዩሮ ገደማ የሚያስከፍለው የአካባቢ ባቡር አለ። በወረቀት የተገዛውን ቲኬት ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት እንዳይረሱ፤ ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ይቆጠርና ቅጣት ያመጣል። ሁሉም ሰው እስከ ሮም ዋና ባቡር ጣቢያ እስከ ተርሚኒ መሄድ የለበትም፦ ሆቴልዎ ቫቲካን አጠገብ ከሆነ ሳን ፒዬትሮ፣ ከወንዙ ማዶ ከሆነ ትራስቴቬሬ ጣቢያ ይውረዱ።

ጣሊያን የሥራ ማቆም አድማ አያጣትም፤ ዓርብ ደግሞ የተወደደ ቀን ነው። በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የአካባቢ ባቡሮች በአድማም ቀን የተወሰነ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ሆቴል በዋጋ ብቻ መምረጥ

የሮም መሀል መንገዶች ሳምፒየትሪኒ በሚባሉ ጥቋቁር ድንጋዮች የተነጠፉ ናቸው። ያምራሉ፤ የሻንጣ ጎማ ግን አይምሩም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አሳንሰር የሌለው ርካሽ ማረፊያ የያዘ ሰው ርካሽነቱን በወገቡ ይከፍላል። በተጨማሪም ሆቴሎች የከተማ ግብር ለብቻው ይሰበስባሉ፦ እንደ ኮከባቸው በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከ4 እስከ 10 ዩሮ። ክፍያውን አስቀድመው ከጨረሱም በኋላ ይጠየቃሉ፤ አይጣሉ።

ቀኑን ሳያዩ ቲኬት መግዛት፣ ወይም ሳይገዙ መሄድ

የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ በነፃ ይከፈታሉ፤ ሰልፉን ግን አልነግርዎትም። ረቡዕ ጠዋት አቡነ ጳጳሱ ሕዝብ በሚቀበሉበት ጊዜ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ይጨናነቃል። የቦርጌዜ ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል፤ በሌሎቹ ቀናትም አስቀድሞ ላልያዘ ሰው ተስፋ የለውም፤ የሚሰጠውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን ባዚሊካው፣ ማለትም ታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ አይገባም። ይህ እንኳ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም።

የኮሎሲየም ቲኬት በስም የሚሸጥና ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ትልቅ ቦርሳና ሻንጣም አያስገቡም። የእኛ ስም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። እኔ የእማዬን ስም እንደ ልማዴ አንድ ፊደል ደግሜ ጻፍኩት፤ ፓስፖርቷ አልደገመውም። ዘበኛው ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ደጋግሞ አስተያየ፤ እሷን አየ፤ ነጠላዋን አየ፤ በእጁ ግቡ አለን። ሁሉም ዘበኛ እንደዚያ አይደለም፤ ከፓስፖርቱ ላይ እያዩ ይገልብጡ።

ሰዓቱንም ተነጋገሩ። ሮም በገባን ማግስት እማዬን «በ9 ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ» ብያት ወጣሁ፤ ቲኬቱ የሚለው 9፡00 ነበር። እሷ 3 ሰዓት ላይ ቁርሷን ጨርሳ፣ ቡና ደግማ፣ «ገና ስድስት ሰዓት አለኝ» ብላ ተኝታለች።

የጾም ቀን ከሆነባችሁ ፒዛ ማሪናራ ብላችሁ እዘዙ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። እንጀራ ለናፈቀ በተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

የራስን ታሪክ ረግጦ ማለፍ

አስጎብኚዎች የሚያዞሩት ለሁሉም የተሰፋ መንገድ ነው፤ በእሱ የሄደ ኢትዮጵያዊ የሚያጣው አለ። ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው፣ ሁሉም ሻንጣውን እየጎተተ የሚያቋርጠው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ቫቲካን ውስጥ፣ ከባዚሊካው ጀርባ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠችው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ይህችን ግን እንደ ባዚሊካው ዘው ብለው አይገቡባትም፤ ለእሷ ብሎ ቀን ማቃጠል ስህተት ነው።

ፖርታ ካፔና ለሚባለው አደባባይ ግን ቀን ይስጡ። በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወርደው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስቶች ተዘርፎ የመጣው የአክሱም ሐውልት እዚህ ነበር የተተከለው። በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2008 በቦታው ቆመ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 አመሻሹ ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚህ አደባባይ አለፈ፤ ሐውልቱ ያን ጊዜ እዚሁ ቆሞ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብሎ የቆስጠንጢኖስን ቅስት ሲደርስ ሰዓቱ 2፡15፡16 ይል ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያልታየ የማራቶን የዓለም ምርጥ ሰዓት።

መንገዱ በጥላ የተሸፈነ ነው፤ ክፍያም የለውም። እኔና እማዬ በእግር ሄድነው። መሀሉ ላይ ቆመች፤ የደከማት መስሎኝ መቀመጫ መፈለግ ጀመርኩ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።